ጊታሩ ሳይገባ

ሆሊስ፣ ኩዊንስ
ጃንዋሪ 19 ቀን 1986

ውድ ቲኒ፣

ስልኩን ጆሮሽ ላይ ስለዘጋሁት ይቅርታ። «የዘጋሁት እኔ ነኝ» ትይ ይሆናል። ማንም ይዝጋው፣ ይቅርታ ጠያቂው እኔ ልሁን። ደግሞ ስልኩ አማትሽ ሳሎን ውስጥ መሆኑን፣ እሳቸውም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሰው እንደሚያዳምጡ ረስቼ ነው እንደዚያ የጮህኩት። ከእንግዲህ በደብዳቤ ይሁን ማለትሽ ልክ ነው። ወረቀት ላይ አንጯጯህም።

ካሴቱን ከየት አመጣኸው ላልሽው፣ አልሰረቅኩትም። በዲሴምበር ምድር ቤቱ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ዕቃውን ሁሉ ወደ ላይ ስናወጣ ከገና ዛፉ ጌጥ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አገኘሁ። ክዳኑ ላይ በራስሽ እጅ «የቲኒ ነው፣ አትንኩ፣ 1974» ይላል። ነካሁት። ጊታር ስትጫወቺ የቀዳሽበት ካሴት ውስጡ ነበር።

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው፣ የሰው ሸክላ ማዞር ሥራ ይባላል?» ላልሽው ደግሞ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። ቮንንና ጀራርድን ታውቂያቸዋለሽ። ቮን የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ነው፣ ጀራርድ ያ መነጽራሙ። እነሱ ራፕ ያደርጋሉ፣ እኔ ሸክላ አጫውታለሁ። ስማችን በመንገዶቻችን ቁጥር «መቶ ዘጠናዎቹ» ነው። ሁለት ማጫወቻ አለኝ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሸክላ። ብዙ ጊዜ የሮክ ሸክላ ነው፣ ምክንያቱም መግቢያው ላይ ድራሙ ብቻውን ይመታል። ስምንት ሰከንድ፣ ቢበዛ አሥር። እነ ቮን በዚያ ላይ ይናገራሉ። ጊታሩ ሊገባ ሲል ሁለተኛውን ሸክላ እለቅና የመጀመሪያውን በእጄ ወደ ኋላ እመልሳለሁ። ድራሙ እንደገና «ሀ» ይላል። አራት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ጊታሩን በር ላይ ማስቆም ነበር።

ያንቺን ካሴት የሰማሁ ቀን ግን አስገባሁት። በእግርሽ ደረጃውን እየመታሽ የምትጫወቻትን አጭሯን ዜማ በድራሙ ላይ ለቀቅኳት። ጀራርድ ሳንድዊቹን አስቀምጦ «ይሄ ማነው?» አለ። ቲኒ ናት አልኩት። «የቷ ቲኒ? እህትህ ቲኒ?» አለ፣ ሌላ ቲኒ ያለች ይመስል።

በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ፣ ሳልጨርስ የተቆጣሽበት ነገር ይሄ ነው፤ ሳልጠይቅሽ ለሃስኬል አሰማሁት። ሃስኬል ዘፈናችንን የሚቀዳልን የሸክላ ኩባንያው ሰው ነው። በዚህች ዜማ ላይ አንድ ሙሉ ዘፈን ሊሠራ ይፈልጋል። እምቢ ካልሽ ይቀራል፣ እምላለሁ።

ስለ አባባ ጠይቀሽኛል። ደህና ናቸው።

ወንድምሽ ክሊፍተን


ከኦሬንጅበርግ ወጣ ብሎ፣ ሳውዝ ካሮላይና
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1986

ለወንድሜ ለክሊፍ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደረሱኝ። የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዴ ተቆጥቼ፣ አንዴ ሳልቆጣ። እኔና ላማር ደህና ነን፣ እናቱም ሰላም ይሉሃል። የትምህርት ቤት አውቶቡሱን አሁንም እነዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ መሪው ፊት ጓንቴን እንዳደረግኩ እቀመጣለሁ፣ ይችን ደብዳቤ የጀመርኳትም እዚያው ነው።

በሁለተኛው ደብዳቤህ «ጊታሩን ለምን ተውሽው?» ብለሃል። ሌላው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ሳስብ፣ አንተ ብቻ የማታውቀው መሆኑ ገረመኝ።

በአባባ ምክንያት አይደለም። ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑ። አባባ አንድም ቀን ተይው አላሉኝም። «ድምፁን ቀንሺው» ብቻ ነበር የሚሉት።

መጀመሪያ ከሰፈር ውጪ ሞከርኩ። ጋዜጣ ላይ «ጊታር ተጫዋች ይፈለጋል» የሚል አይቼ ጊታሬን ተሸክሜ በባቡር ሎንግ አይላንድ ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ነጭ ልጅ «ጽዳት ሰኞ ነው» ብሎኝ ዘጋው። ጊታሩ እጄ ላይ ነበር እኮ፣ ክሊፍ።

ከዚያ በሰፈራችን ሞከርኩ። በሰባ አምስት ጁላይ መንገዱ ተዘግቶ ድግስ የነበረ ጊዜ፣ ማጉያዬን በሳሎናችን መስኮት ከመብራት አያይዤ ሁለት ዘፈን ልጫወት ወጣሁ። ሁለተኛው ላይ አልደረስኩም። «ነጭ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። «ፀጉርሽንም ቢጫ ቀቢው» አሉኝ። አንዱ የለስላሳ ቆርቆሮ ወረወረ። እሱስ አልነካኝም። ቀና ስል ግን አንተን አየሁህ። ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ከልጆቹ ፊት ቆመህ፣ ጊታር የያዝክ መስለህ፣ ወገብህን እያወዛወዝክ በእኔ ትቀልድ ነበር። ሁሉም ላንተ ያጨበጭባል።

አልተቀየምኩህም። ልጅ ነበርክ፣ ሰው ሲያጨበጭብልህም የመጀመሪያ ቀንህ ነበር። ግን ለምን ተውሽው ካልከኝ፣ የተውኩት ያን ዕለት ነው። በዓመቱ ጊታሩን ሸጬ በዋጋው ወደዚህ መጣሁ።

ዜማዋን ውሰዳት። ስሜን ግን የትም ቦታ አትጻፍ። ላማር ጊታር እጫወት እንደነበር አያውቅም። አልዋሸሁትም፤ አልጠየቀኝም።

«ደህና ናቸው» ካልክ አባባን ሰላም በልልኝ።

እህትህ ኧርነስቲን


ሆሊስ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1986

ውድ ቲኒ፣

ይችን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃታለሁ። ያን ቀን አላስታውሰውም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። አስታወስኩት። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ጭብጨባው ነው፣ አንቺ አይደለሽም፣ ይሄ ደግሞ ይብስብኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ልጅ ነበርክ ብለሽኛል፣ ቢሆንም ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስሜን አትጻፍ ያልሽውን ነግሬያቸዋለሁ። ሃስኬል ትከሻውን ሰበቀ።

እንዴት እየሄደ ነው ላልሽው፣ አልሄደም። ካሴቱ ራሱ አይሆንም አሉን፣ ያረጀ ነው፣ ያንሿሿል። ስለዚህ ሃስኬል አንድ ጊታር ተጫዋች ቀጠረ። ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ክፉም አይደለም፣ ዜማሽን አንድ ጊዜ ሰምቶ ደገማት። ግን እንደተተኮሰ ሸሚዝ ናት። ምንም ስህተት የላትም፣ ምንም ሰውም የለባትም።

ቮን ደግሞ ይሄን ሰበብ አድርጎ ማይኩን አልነካም አለ። ጀራርድና እሱ የተባባሉትን ልጻፍልሽ።

«ይሄን ነገር የሚሰሙት በፒካፕ የሚሄዱ ነጭ ገበሬዎች ናቸው» አለ ቮን። «በዚህ ላይ ራፕ ባደርግ አባቴ ሱቅ ፀጉሬን መቆረጥ አልችልም።»

«አራት ዓመት በማን ሸክላ ላይ ስታወራ የኖርክ መሰለህ?» አለው ጀራርድ።

«ድራሙ የኛ ነው።»

«ድራሙን ማን መታውና?»

«አላየሁትም። ያላየሁት የኛ ነው።»

ጀራርድ ሳቀ፣ ቮን ግን አልሳቀም፣ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። እስካሁን አልተመለሰም። ያለ እሱ ደግሞ መቶ ዘጠናዎቹ የሚባል የለም። ሃስኬል እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ካልተቀዳ ስቱዲዮውን ለሌሎች እሰጣለሁ ብሏል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ያን ድምፅ እንዴት ነው ያወጣሽው? ሁለተኛው ደግሞ፣ መጥተሽ ራስሽ ብትጫወቺውስ?

አባባ ደህና ናቸው።

ክሊፍተን


ከኦሬንጅበርግ
ማርች 2 ቀን 1986

ክሊፍ፣

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ሁለተኛ አታንሣው፣ እኔም አላነሣውም።

የመጀመሪያውን ጥያቄህን ልመልስ። ለሰውየው እንዲህ በለው። ወፍራሙን ክር ያላላው፣ ከሁሉም በታች እስኪያጉረመርም። ያን ጊዜ ሦስቱን ወፍራም ክሮች በአንድ ጣት ብቻ ተጭኖ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ ይቻላል። ሌላ ጣት አያስፈልግም። መምቻው ፕላስቲክ አይሁን። እኔ የምመታው ከአባባ ኪስ በወሰድኩት፣ ሳንቲም በሚመስለው የምድር ባቡር መሳፈሪያ ቶከን ነበር። ጠርዙ ክሩን ይቧጭረዋል፣ ያ የምትወደው ጩኸት እሱ ነው። ማጉያው ደግሞ ከውስጥ ያለው የስፒከሩ ወረቀት በምላጭ የተሰነጠቀ ነበር። የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ፣ አባባ በእርጅና የተቀደደ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛውን ጥያቄህን በተመለከተ፣ አልመጣም። እንዳትለምነኝ ምክንያቱን እነግርሃለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት የአውቶቡሱን ሞተር ክዳን ከፍቼ ዘይት ሳይ ክዳኑ ግራ እጄ ላይ ወደቀ። ሁለቱ ጣቶቼ፣ ትንሿና የቀለበቷ፣ አይታጠፉም። መሪ ለመያዝ አይከለክሉኝም። ያኔ ያልነገርኳችሁ አባባ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ እኮ ሳል ሲይዘን እንኳ አይተኙም ነበር።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። በሦስት ደብዳቤ ስለ አባባ የጻፍክልኝ ሁለት ቃል ነው። አንተ ድመት ዛፍ ላይ ወጣች ለማለት አንድ ገጽ የምትፈጅ ሰው ነህ። የአባባ ደብዳቤም ከገና ወዲህ ቀርቷል። ምን ሆነው ነው?

ኧርነስቲን


ሆሊስ
ማርች 8 ቀን 1986

ቲኒ፣

ጃንዋሪ 6 ቀን ስትሮክ መታቸው። ቁርስ ላይ ነበሩ፣ ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አፋቸውም ቃል አያወጣም። ከሆስፒታል ከወጡ አምስተኛ ሳምንታቸው ነው። ያስባሉ፣ ይሰማሉ፣ ቤዝቦል ሲጀመር ለማየት ቀን ይቆጥራሉ። በግራ እጃቸው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። መጀመሪያ የጻፉት «ለቲኒ እንዳትነግር» የሚል ነው። ወረቀቱን ይዤዋለሁ፣ ካላመንሽኝ እልክልሻለሁ።

በስልክ ያን ያህል የጮህኩትም ለዚህ ነው። ስለ ካሴቱ እያወራሁ ስለ እሳቸው እንዳልነግርሽ ምላሴን ነክሼ ነበር።

እጅሽን በተመለከተ ምን እንደምል አላውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ለሰውየው የጻፍሽለትን ትምህርት ስቱዲዮ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «በአንድ ጣት ብቻ» ይላል። ሌላ ጣት አያስፈልግም ይላል። አንቺ ሦስት ደህና ጣት አለሽ።

ክሊፍተን


ከኦሬንጅበርግ
ማርች 16 ቀን 1986

ክሊፍ፣

አሁን በአንተም በአባባም ተናድጃለሁ፣ እዚያ ስደርስ በየተራ እነግራችኋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ለፋሲካ ይዘጋል። ረቡዕ ማርች 26 ከሰዓት አውቶቡስ ተራው እደርሳለሁ። የምመጣው ለአባባ ነው። ጊታር ተከራይተህ ከጠበቅከኝ ግን አልመታህም።

ላማርን ነገርኩት። ፈራ ተባ እያልኩ፣ ሳህን እያጠብኩ። «አሁን ገባኝ» አለ። «ቤተ ክርስቲያን የጊታሩ ልጅ በተሳሳተ ቁጥር ፊትሽን የምታጨማድጂው ለዚህ ነው።» ከዚያ ሳህኑን ተቀብሎኝ ማድረቅ ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት የፈራሁት ይሄን ነበር።

ኧርነስቲን


ሆሊስ
ኤፕሪል 13 ቀን 1986

ውድ ቲኒ፣

በሰላም ገባሁ ያልሽበት ካርድ ደርሶናል፣ አባባ ከራስጌያቸው አቁመውታል። ጨው መቀነሳቸውን ጠይቀሻል፤ እኔ ፊት ቀንሰዋል።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። አንቺ ምድር ቤት ስትለማመጂ አባባ በግራ እጃቸው ወለሉን በዱላ ሲደበድቡ የነበረው ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ሮጠሽ ወጥተሽ ምን እንደጻፉልሽ አልነገርሽኝም፣ እኔ ግን ደብተሩን አየሁት። «ከድሮው ይሻላል። ግን ይጮሃል» ይላል።

ቮን ስቱዲዮ ውስጥ ስላደረገው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጀራርድ ከአባቱ ሱቅ ጎትቶ ማምጣቱ ደግ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶሽ ይቀመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። አንቺ ጊታሩን አስቀምጠሽ «አንተ ልጅ፣ ና ውጪ ላናግርህ» ስትዪው ሃስኬል ነገሩ አለቀ ብሎ መብራቱን ሊያጠፋ ነበር። አሥር ደቂቃ ኮሪደሩ ውስጥ ነበራችሁ። ምን አልሽው? ለኛ አልነገረንም። ተመልሶ ኮፍያውን አወለቀ፣ ማይኩን ያዘ፣ አንቺ ደግሞ ያን ቶከን። ሦስት ጊዜ ተሳሳትሽ፣ አራተኛው ላይ ያ የካሴቱ ድምፅ ወጣ። የቀረውን አንቺም ስለነበርሽ አልጽፍም። ሃስኬል ግን አዲሱን ስፒከሩን በምላጭ ስትሰነጥቂው የተለወጠው ፊቱ እስካሁን አልተመለሰም።

ሰዉ እንዴት ተቀበለው ብለሻል። ባለፈው አርብ እዚሁ ኩዊንስ፣ ጀማይካ በሚባለው ሰፈር ያለው የመንሸራተቻ አዳራሽ ውስጥ የሙከራ ሸክላውን አጫወትነው። ጊታሩ ሲገባ ግማሹ ሰው ቆመ። ጫማው ላይ ጎማ ያለው ሰው ቆመ ስልሽ ገምቺው። አንዱ ከኋላ «ክሊፍ፣ ሸክላው አመለጠህ፣ መልሰው» አለ። መመለስ እችል ነበር፣ እጄም ለምዷል። አልመለስኩትም። ቮን ወደ ሰውየው ጠቁሞ «አላመለጠውም፣ አስገብቶት ነው» ብሎ ቀጠለ። ሲያልቅ የጮኸም የተሳደበም ነበር። ወደ በሩ የሄዱትን ቆጥሬያለሁ፣ አሥራ አንድ ናቸው። ስድስቱ ተመለሱ።

ሸክላው በጁን ይወጣል። በቃልሽ መሠረት ስምሽ የለበትም። ሃስኬል ባዶ መተው አይቻልም ስላለ «ጊታር፦ የሰፈር ልጅ» ብለን ጻፍን።

ክሊፍተን


ከኦሬንጅበርግ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1986

ውድ ክሊፍ፣

ሙሉ በጋውን ስላልጻፍኩ ይቅርታ። ከየከተማው የላክሃቸው ፖስት ካርዶች ሁሉ ደርሰውኛል። የኛዎቹ ሬዲዮ ጣቢያዎች «የነጭ ነው» ብለው፣ የነጮቹ «የጥቁር ነው» ብለው አምስት ሳምንት እንዳላጫወቱት፣ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ሳምንት እንደጀመሩ የጻፍከውን ለላማር አነበብኩለት። «ሁለቱም ወገን ‹የኛ ነው› ብሎ የተሳሳተበት ሳምንት» አለ። አባባ ሁለት ቃል በአፋቸው ማለታቸውን ስሰማ አለቀስኩ። የትኞቹ ሁለት ቃላት እንደሆኑ ለምን አትነግረኝም? መጥፎ ቃል ከሆነም ንገረኝ።

ቮንን ምን እንዳልኩት ሦስት ጊዜ ጠይቀሃል። እሱም እንድነግርህ ስለፈቀደ እነግርሃለሁ። «ፈርተሃል?» አልኩት። «ይስቁብኛል» አለ። አዎ ይስቁብሃል አልኩት። ዕቃም ይወረውሩብሃል። እኔ በሳቁብኝ ቀን ብቻዬን ነበርኩ፣ ማይክም አልነበረኝም፣ መልስ መስጠት አልቻልኩም። አንተ ማይክ አለህ፣ ከጎንህም ሁለት ሰው አለ። ከፈለግህ ሦስት። ይሄው ነው ያልኩት። እሱም «እሺ እትዬ» አለኝ። እትዬ ሲለኝ ነው እንዳረጀሁ የገባኝ።

አሁን የዚህን ሳምንት ነገር ልንገርህ።

አውቶቡሴ ውስጥ ነጮቹ ልጆች ከኋላ ይቀመጣሉ፣ የኛዎቹ ከፊት። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም፣ እኔም አስተካክላለሁ ብዬ ደክሜ ትቼዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት ሸሪካ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ልጅ ትንሽ ካሴት ማጫወቻ ይዛ ገባች። ዘፈናችሁን ከፈተችው። ወንበሩን መደብደብ የጀመሩት ከፊት ያሉት ናቸው። ጊታሩ ሲገባ የኋለኞቹም ጀመሩ። መስተዋቱን እያየሁ ነዳሁ። ትራቪስ የሚባል ባለ ጠቃጠቆ ልጅ ከኋላ ተነሥቶ እስከ መካከል መጣ፣ ካሴቱን ለማየት። አውቶቡሱ እየሄደ መነሣት ክልክል ነው ልለው ነበር፣ ተውኩት።

ሽፋኑን አነበበ። «ጊታሩ ላይ ስም የለም» አለ። «ነጭ ነው ይሄ ሰውዬ። በደንብ ይሰማል።»

ሸሪካ ትከራከረዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «አውቃለሁ» አለችው። «ቀጥረውት ነው። የኛ ሰው እንደዚህ አይጫወትም።»

«ለምን ስሙን ደበቁት ታዲያ?»

«አፍሮ ነዋ፣ ከኛ ጋር በመጫወቱ።»

ሁለቱ ልጆች እንደዚያ ተስማምተው ሲነጋገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየኋቸው። የተስማሙት ደግሞ እኔ የለሁም በሚል ነው።

የባቡር ሐዲዱ ጋ ደረስን። እዚያ ሕግ አለ። እቆማለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ ባቡር መምጣቱን እንድሰማ ልጆቹ በሙሉ ዝም ይላሉ፣ ሙዚቃም ይጠፋል። ከፈትኩት። ጸጥ አሉ። ባቡር አልነበረም። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ዞሬ «ጊታሩን የተጫወትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አንድም ልጅ አልተናገረም፣ ሕጉ ዝም በሉ ስለሚል ይመስለኛል። ከዚያ ከኋላ አንዱ ፈነዳ፣ ከፊትም ተከተሉት፣ አውቶቡሱ በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። ሸሪካ ዓይኗን እየጠረገች «ሚስ ኧርነስቲን፣ እባክሽ እንሂድ፣ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ፈተና አለብኝ» አለች።

በሩን ዘግቼ ነዳሁ። እንደድሮው የሚከፋኝ መስሎኝ ጠበቅኩ፣ አልከፋኝም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲወርዱ ግን ትራቪስ ደረጃው ላይ ቆሞ ግራ እጄን፣ እነዚያን ሁለት ጣቶች፣ ትኩር ብሎ አያቸው። «በዚህ እጅ?» አለኝ። በዚህ እጅ አልኩት። ሄደ። በማግስቱ ከፊት ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ልክ ከጀርባዬ፣ እንዴት እንደሆነ እንዳስረዳው። ያመነኝ አልመሰለኝም። ውሸቴን ሊይዝ ነው።

ስለዚህ ስሜን አትጻፍ ያልኩህን ቃል መልሼ ወስጃለሁ። ሸክላው ለሁለተኛ ጊዜ እንደሚታተም ጽፈህልኛል። ለሃስኬል ንገረው፣ «የሰፈር ልጅ» የሚለውን አውጥቶ ስሜን ይጻፍበት። ኧርነስቲን ፔቲፎርድ ጋድሰን፣ የአባባም የላማርም ስም፣ ምንም ሳይጎድል። ቶሎ በል። ልጆቹ በቀን ሁለት ጊዜ ይሳፈራሉ፣ ሁለቱንም ጊዜ ይከራከሩኛል።

እህትህ
ኧርነስቲን